ከመኪናው ጋር የዞረው ፎቶ አንሺ

የተከበራችሁ አባቶቻችን ካህናት፣ የኮኪት ሽማግሌዎች፣ በዚህ የመጋቢት ፀሐይ ከሽንፋና ከገለጉ የመጣችሁ ዘመዶች፣ መኪናችሁን አቁማችሁ የመጣችሁ ሹፌሮች፣ ከእርሻ የወጣችሁ ሠራተኞች፣ ከመስጊድ ወገን የመጣችሁ ጎረቤቶቻችን፣ እናንተም ከዛፉ ጥላ የተቀመጣችሁ እናቶች፣ እንደምን ዋላችሁ። ስለ ባንተአምላክ ብላችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ያክብራችሁ።

እኔ ሀብትነሽ ነኝ። ከፎቶ ቤቱ ባንኮኒ ጀርባ ተቀምጣ የምታኮርፈዋ ሴት። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ። ልጁ ዝናሽ ትናንት መጥታ «እማ ሀብቴ፣ አንቺ ተናገሪለት» አለችኝ። «እኔ ሰው አመስግኜ አላውቅም» አልኋት። «ለዚህ እኮ ነው አንቺን የመረጥን» አለችኝ። ስለዚህ ይችን ወረቀት በራሴ እጅ ጻፍሁ። አንቱ አልለውም። ሃያ ሁለት ዓመት አንተ ስለው ኖሬ ዛሬ ብለውጥ ይስቅብኛል።

ስታለቅሱ ዋላችሁ፤ ደግ ነው። እኔ ግን የመጣሁት ደስ የሚል ነገር ልነግራችሁ ነው። ባንተአምላክ የሄደው የሚፈልገውን አግኝቶ ነው። ከመካከላችን ስንቱ ነው ይኸን የሚል? እኔ አልልም። የፈለግሁትን ብዙውን አላገኘሁም፤ ያገኘሁትም ዘግይቶ ነው። እሱ ግን አገኘ።

ምን ነበር የሚፈልገው? አንድ ፎቶ።

የሚሮጥ መኪና ፎቶ። መኪናው ጥርት ብሎ የሚታይ፣ ከኋላው ያለው ሜዳ ግን እንደ ተጎተተ ቀለም የተሰመረ። ያየው ሰው «ይኸ መኪና እየበረረ ነው» የሚልለት። ይኸን አንድ ፎቶ ዓይኑ ሳይጠፋ ማንሳት። መሞከር ከጀመረ ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ከሦስት ዓመት በፊት፣ ጎንደር ሄዶ ሐኪም አየው። ስኳሩ ሁለቱንም ዓይኖቹን እየወሰዳቸው ነው አሉት። ካሜራ የሚያስጠጋበት ቀኙ ደግሞ ቀድሞ መሄድ ጀምሯል። ሲመለስ ከመናኸሪያው ቀጥታ ፎቶ ቤት መጣ። ቦርሳውን እንኳ አላስቀመጠም። «ሀብቴ፣ ስንት ውድድር ይቀረኛል ብለሽ ነው?» አለኝ። ሌላው ሰው ቢሆን ስንት ዓመት ይቀረኛል ይላል።

ውድድሩን ከሩቅ ለመጣችሁት ልንገራችሁ። ጥር ላይ ሰሊጡም ማሽላውም ተነስቶ ሲያልቅ ሹፌሮቻችን ከኮኪት ወጣ ብሎ ያለውን ሜዳ በዶዘር ያስደለድላሉ። አራት በርሜል ያቆማሉ። ከዚያ ቦክሶቻቸውን ይዘው በበርሜሎቹ ዙሪያ ይሽቀዳደማሉ። ቦክስ የምንለው ከሱዳን ወገን ስሙን የለመድነውን፣ ከኋላው ክፍት የሆነውን ፒካፕ ነው። ሕዝቡ ከውጭ ከቦ ያያል። የሚሸነፍ ሹፌር ሁሉ ጎማው መጥፎ ነበር ይላል።

እንግዲህ ባንተአምላክ ማን ነበር? ሰው አቁሞ የሚያነሳ ሰው ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ። ከመካከላችሁ እሱ ያላነሳው ማን አለ? እስቲ እጁን ያውጣ። «አገጭህን ዝቅ። ትከሻሽን ቀና። አትተንፍሱ። እንዳትንቀሳቀሱ።» ይኸን ድምፅ የማያውቅ የኮኪት ሰው የለም። ሙሽራ አቆመ፣ ወታደር አቆመ፣ የሚያለቅስ ሕፃን አቆመ። አሁን ግን ሁሉም በኪሱ ስልክ ይዟል። ማንም ማንንም አቁሞ ያነሳል። ባንተአምላክ የሚሮጥ ነገር ማንሳት ያማረው ስልኩ ሲበዛ ነው። «ቆሞ የሚነሳውን ለስልኩ ትቼለታለሁ» ይል ነበር።

የመጀመሪያው ዓመት። ከሜዳው ዳር ቆሞ የሚሮጠውን መኪና ካሜራውን ቀጭ እያደረገ ቀጨው፣ ቀጨው፣ ቀጨው። አጥቦ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ሹፌሮቹ ተሰብስበው መጡ። ከእነሱ አንዱ ፈሀድ የራሱን መኪና ፎቶ ቀረብ ብሎ አየ፤ ራቅ ብሎ አየ።

«ባንቴ፣ ይኸ መኪና ቆሟል» አለው።

«መቶ አልፈህ ነበር የምትበር።»

«ታዲያ ጎማው ለምን አይዞርም? ወላሂ፣ ለዚህስ ጋራዥ በር ላይ ብታነሳኝ አይሻልም ነበር? ፀጉሬን እንኳ አበጥር ነበር።»

እውነቱን ነው። ካሜራው ዓይኑን ቶሎ ከፍቶ ቶሎ ከጨፈነ የሚበረውም የቆመ ይመስላል። ባንተአምላክ ይኸን ሲረዳ በሁለተኛው ዓመት ካሜራው ዓይኑን ቀስ ብሎ እንዲከፍት አደረገው። ያን ጊዜ ደግሞ ምን ወጣ? ጭስ። ነጭ ጭስ፣ ቀይ ጭስ፣ ሰማያዊ ጭስ። የማን መኪና እንደሆነ ሹፌሮቹ በቀለሙ ተከፋፈሉት።

በዚያው ውድድር ላይ ያደረገውን ሳልነግራችሁ ባልፍ ይቆጨኛል። ሙኽታር የመጨረሻውን ዙር እየመራ ይመጣል። ፈሀድ ከኋላው አለ። ባንተአምላክ ካሜራውን ዓይኑ ላይ እንዳደረገ፣ አርባ ዓመት የለመደ አፉ ቀደመውና ጮኸ፦ «እንዳትንቀሳቀስ።»

ሙኽታርስ ምን አደረገ? ልጅ ሆኖ ለትምህርት ቤት ፎቶ ሲነሳ፣ ለመታወቂያ ሲነሳ፣ ለመንጃ ፈቃድ ሲነሳ፣ ይኸ ድምፅ እንዳትንቀሳቀስ ሲለው ቀጥ ብሎ ነው ያደገ። እግሩ ከነዳጁ ላይ ተነሳ። ትንፋሹን ዋጠ። አገጩን ዝቅ አደረገ። ፈሀድም በጎኑ አለፈው።

ሙኽታር ከመኪናው ወርዶ እየሮጠ መጣ። «ምን አደረግሁህ?» ይላል። ባንተአምላክ ደግሞ «ጥሩ ቆመህልኝ ነበር እኮ» ይላል። ሰዉ በሳቅ መሬት ላይ ወደቀ። ሙኽታር አንድ ወር አኮረፈው። እዚያ ቆሞ ይስቃል፤ ዛሬ ይስቃል።

እኔ አልሳቅሁም። ወደ ቤት ስንመለስ «ጥፋቱ ካንተ ነው» አልሁት። «እነሱ ይሮጣሉ፣ አንተ እንደ ምሰሶ ተተክለሃል። መኪናውን ማቆም ካቃተህ አንተ ለምን አትንቀሳቀስም?»

ይኸን እንዴት አወቅሁ? ልጅ ሆኜ ሽንፋ ማሽላ ላይ ወፍ ጠብቄአለሁ። ወንድሞቼ ትምህርት ቤት ገቡ፤ እኔ ማማ ላይ ወጣሁ። እስከ ዛሬ ይቅር አላልኋቸውም፤ አንዱ እዚህ አለ፣ ይስማኝ። ግን ወንጭፍ ተማርሁ። ወፏ ባለችበት ብትወነጭፍ ድንጋዩ ሲደርስ ወፏ የለችም። ከሩቅ ስትመጣ ታያታለህ፣ ወገብህ አብሯት ይዞራል፣ ስትለቅቀውም ክንድህ አይቆምም፣ ወፏን ተከትሎ ይሄዳል። ክንድህን ድንጋዩ ሲወጣ ከገታኸው ድንጋዩ ይስታል።

ባንተአምላክ ይኸን ሲሰማ «ወንጭፍ አለሽ?» አለኝ።

የስድሳ ሁለት ዓመት ሰው፣ የስኳር በሽተኛ፣ ከፎቶ ቤቱ ጓሮ ወንጭፍ ሲማር አያችሁት? መጂዳ አይታዋለች። የጨርቅ ሱቋ ከጓሯችን ጋር አጥር ይጋራል። የመጀመሪያው ድንጋይ ጀሪካኗን በሳው። ሁለተኛው ሌላ ጀሪካን በሳ። መጂዳ በአጥሩ ብቅ አለችና «ባንቴ፣ የተጣላኸኝ ነገር ካለ በአፍህ ንገረኝ» አለችው። «ፎቶ እየተማርሁ ነው» አላት። አትፈርዱባትም፤ የሚያሳምን መልስ አልነበረም።

ወንጭፉን ሲለምድ ካሜራውን አነሳ። ከፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ይዞራል። ምንም አይቀጭም፤ ይዞራል ብቻ። ባጃጁ ከላይ ሲመጣ ይቀበለዋል፣ እስከ ታች ይሸኘዋል። በቀን መቶ ጊዜ። ጎረቤታችን አቶ ቸሩ ሦስት ቀን አዩትና ወደ እኔ መጡ። «ሀብትነሽ፣ ይኸ ሰው አንገቱን ምን ነካው? ጠበል አይወሰድም ወይ?» አሉኝ። «አንገቱ ደህና ነው፤ ችግሩ ከዚያ በላይ ነው» አልኋቸው።

አቶ ቸሩ፣ አሁን ይፍቱኝ።

እንዴት እንደሚያደርገው ልንገራችሁ፣ ምናልባት ከልጆቻችሁ አንዱ ይፈልገው ይሆናል። እግሩን የሚተክለው መኪናው ወደሚመጣበት አይደለም፤ መኪናውን ሊቀጨው ወዳሰበበት ቦታ ነው። ከዚያ እግሩን ሳያነሳ ወገቡን ብቻ አጥፎ ወደ መምጫው ይመለሳል። ክርኖቹ ከጎኑ ይጣበቃሉ። ከመኪናው ላይ አንድ ነጥብ ይመርጣል፤ የሹፌሩን ጆሮ ወይም የበሩን እጀታ። ሙሉውን መኪና የሚያይ ሁሉንም ያጣል። ያን ነጥብ ይዞ፣ መኪናው በሚሄድበት ልክ ወገቡ እየተፈታ ይመጣል። ሲደርስ ጣቱ ቁልፉን ጫን ይለዋል፣ በኃይል አይመታውም። ከቀጨ በኋላም አይቆምም፤ መዞሩን ይቀጥላል። ሦስት ዓመት የፈጀበት ይች የመጨረሻዋ ናት። ካሜራው ቀጭ ሲል ሰውነቱ አብሮ ቀጥ ይልበት ነበር። አርባ ዓመት የለመደውን ሰውነት አንድ ቀን አያስተወውም።

በአራተኛው ዓመት ደግሞ የሚቆምበትን ቦታ ለወጠ። ከሜዳው ዳር ሲቆም መኪናው መጀመሪያ ሩቅ ነው፣ ከዚያ ቅርብ፣ ከዚያ እንደገና ሩቅ። መለካት ያስቸግራል። አንድ ቀን አውድማ ላይ በሬ ሲያበራዩ ቆሞ አየ። መሃል የቆመው ሰውዬ በሬዎቹ በዞሩ ቁጥር እዚያው ባለበት ይዞራል፤ ርቀታቸው አይለወጥም። ባንተአምላክ ሹፌሮቹን ለምኖ ከበርሜሎቹ ውስጥ፣ ከዙሩ መሃል ገባ። እኔም ዕቃ ይዤ አብሬው ገባሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪኖቹ በእርሱ ዙሪያ ነበር የሚሮጡት።

ፎቶዎቹ ተሻሻሉ። አንድ ዓመት ኮፈኑ ጠራ፣ ሹፌሩ ጠፋ። አንድ ዓመት ሹፌሩ ጠራ፣ ግን የአውራ ጎዳና ያህል ረጅም አፍንጫ አወጣ። ሰዉ ሁሉ ግን ይወደዋል። «ወጥቷል፣ ባንቴ» ይሉታል። «እንዲህ ያለ ፎቶ ካርቱም የለም» ይሉታል። እሱ ፈገግ ይላል፣ ያመሰግናል፣ ከዚያ ወደ ባንኮኒው ይመጣል።

«ሀብቴ፣ ወጥቷል?»

«አልወጣም።»

«እሺ።»

ይኸው ነበር ንግግራችን። ለምን ነበር እኔን የሚጠይቀኝ? ይኸ ነገር የጀመረው ከመጀመሪያው ቀናችን ነው። ለመታወቂያ ተነስቼ ፎቶዬን መለስሁለት። «እኔ እንዲህ የተቆጣሁ ነኝ?» አልሁት። «አይ፣ ካሜራው ትንሽ አሳምሮሻል» አለኝ። ጉርድ ፎቶውን ባንኮኒው ላይ ጥዬ የግራ ጆሮዬ እንደደበዘዘ፣ ነጠላዬ ከግድግዳው እንደተቀላቀለ አሳየሁት። አየና «ሥራ ትፈልጊያለሽ?» አለኝ። እንዲህ ነው የተቀጠርሁት፤ ጉድለቱን እንድነግረው።

ፊደልም ያስቆጠረኝ እሱ ነው። ሃምሳ ዓመት ሞልቶኝ ነበር። ከጎጃምና ከወሎ የሚመጡት ሠራተኞች ፎቶ ተነስተው ለቤተሰብ ሲልኩ ከጀርባው ስም ይጻፋል። «ስሙን አንቺ ጻፊው» አለኝ። «አላውቅም» አልሁት። «እኔም መጀመሪያ አላውቅም ነበር» አለኝ። በሰው ስም ነው ማንበብ የተማርሁት፤ ባንቺአየሁ፣ አለምሰገድ፣ የዓለምወርቅ። አንድ ፊደል፣ ቀጥሎ አንድ ፊደል። ሳቀብኝ? አንድ ቀን አልሳቀብኝም። የተሳሳትሁትን ግን አንድም ሳያርም አላለፈም። እኔም እንዲያ ነው የከፈልሁት።

አሁን ወደ መጨረሻው ውድድር ልምጣ። ያለፈው ጥር።

ባንተአምላክ የሰው ፊት አይለይም ነበር። ማን እንደመጣ በድምፅ ነው የሚያውቅ። ልጁ ዝናሽ «አባዬ፣ ዘንድሮ ይቅርብህ» አለችው። «ዘንድሮ ከቀረብኝ ለዘላለም ቀረብኝ» አላት። ክንዱን ይዤ መሃል አስገባሁት። እግሩን የት እንደሚተክል አሳየሁት። ዓይኑ የማይለየውን ጆሮው ተከተለው። ሞተሩ ከላይ ሲመጣ ወገቡ ይቀበለዋል፣ ይዞ ይዞራል፣ ይሸኘዋል። እኔ ከኋላው ቆሜ አየሁ። የታመመ ሰው አይመስልም ነበር። ፈሀድ አለፈ፣ ዞረ። ሙኽታር አለፈ፣ ዞረ። ነጭ አቧራ ሆነን ወጣን። ከውድድሩ ማግስት ጀምሮ አልጋ ላይ ዋለ።

ከሁለት መቶ በላይ ፎቶ ነበር። በኮምፒዩተሩ አንድ በአንድ አየሁት። ዝናሽ ሦስት ጊዜ መጣች። «እማ ሀብቴ፣ በሞቴ፣ ምንም ይሁን ምን ወጥቷል በይው።» አቶ ቸሩም ላኩብኝ። መጂዳም በአጥሩ ብቅ ብላ «አንዴ ብትዋሺ ምን ትሆኛለሽ?» አለችኝ። እኔ ግን አንድ ነገር አውቅ ነበር። የእኔ ቃል ከተበላሸ ያ ሰው የሚያምነው ሰው አይኖረውም፤ ዓይኑም የለ።

መቶ አርባ ሰባተኛው ላይ ደረስሁ። አጎላሁት። መነጽሬን ጠርጌ እንደገና አየሁት። ወጥቷል። የሙኽታር ነጭ ቦክስ፣ ጥርት ብሎ፤ ከኋላው ሜዳውም ሰዉም በርሜሉም ሁሉ መስመር ሆኗል።

አጥቤ ወሰድሁለት። ከአልጋው አጠገብ ተቀመጥሁ።

«ሀብቴ፣ ወጥቷል?»

«ወጥቷል» አልሁት።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«አንቺም አዘንሽልኝ?» አለኝ።

እስቲ ፍረዱኝ። ሃያ ሁለት ዓመት እውነት ተናግሬ፣ በመጨረሻዋ ጥያቄው እውነት ስናገር ውሸታም ሆንሁ። ተናደድሁ። «አፌ ይድረቅ ዋሽቼህ ከሆነ» አልሁት። «የኋላ መብራቱ ተሰብሯል። ሙኽታር አፉን ከፍቶ ነው የወጣው፤ ዝንብ ይገባበታል። የፊት መከላከያ ብረቱ አቧራ ለብሷል። ፎቶው ግን ወጥቷል።»

ትንሽ ዞር አለ። «የሙኽታር ነው?»

«የሙኽታር።»

«በሩ ላይ ምን ይላል?»

እኔ በበሩ ላይ ጽሑፍ እንዳለ አላውቅም ነበር። ማንም አያውቅም። በዚያ ፍጥነት፣ በዚያ አቧራ፣ ደግሞም በሩ ወደ ውስጥ ወደ እኛ ነው የዞረ። ፎቶውን ወደ መስኮቱ ወሰድሁት። ቀይ ጌጥ መስሎኝ ያለፍሁት ለካ ፊደል ነው።

እናንተ በልጅነታችሁ የተማራችሁት ቃሉን በጨረፍታ አይታችሁ ትገምታላችሁ። ግማሹ ቢጠፋም ከራሳችሁ ትሞሉታላችሁ። እኔ መገመት አልችልም። የፊደሉ አንድ እግር ከደበዘዘ እዚያው እቀራለሁ። ባንተአምላክ ይኸን ያውቃል፤ ያስተማረኝ እሱ ነው።

«ሳ» አልሁ። «ቢ።» ትንሽ ቆየሁ። «ራ።»

ከአልጋው ተነስቶ ተቀመጠ። «ቀጥይ።»

«እ። ያ። የ። ች። ኝ። ነ። ው።»

ከመጀመሪያው ጀምሬ ገጣጠምሁት። «ሳቢራ እያየችኝ ነው» ይላል።

ያን ጊዜ የፍቅር ነገር እንደሆነ ገባኝ። «የትኛዋ ሳቢራ?» አልሁት።

ሳቀ። አልጋው እስኪንቀሳቀስ ሳቀ። ዝናሽ ደንግጣ ሮጣ ገባች። ሙኽታር ጽሑፉን መተማ አሠርቶ በውድድሩ ጠዋት የለጠፈው ኖሯል፤ የነገረውም ለባንተአምላክ ብቻ ነው። ውድድሩ ሲያልቅ ድፍረቱም አብሮ አለቀና ማንም ሳያይ ላጠው። ሳቢራ የመጂዳ ልጅ ናት። ሦስተኛ የወጣ ሹፌር ለመጂዳ ምን ይላታል? ያ ጽሑፍ በዓለም ላይ የቀረው በዚያ ፎቶ ላይ ብቻ ነበር፤ እኔ ደግሞ ፊደል በፊደል አነበብሁት።

«ወጥቷል» አለ ባንተአምላክ፣ ለራሱ። «ሀብቴ አነበበችው። ወጥቷል።» ፎቶውን ተቀብሎ ደረቱ ላይ አደረገው። ማየት አይችልም፤ በእጁ ዳሰሰው። ከዚያ በኋላ በኖረባቸው ሳምንታት የመጣ ጠያቂ ሁሉ በሩን እንዲያነብ ታዝዟል። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ አንብባችኋል።

ሙኽታር ሽማግሌ ሲልክ ያን ፎቶ ነው ያስያዘው። መጂዳም አየችው፤ ሳቢራም አየችው። የጋብቻቸው ኒካ ከዒድ በኋላ ነው። ይኸን እዚህ እንድናገር ፈቅደውልኛል። ሳቢራ፣ አታቀርቅሪ፤ የሚያሳፍር ነገር አልተናገርሁም።

እንግዲህ የእኔን ጉዳይ ልጨርስ። ዝናሽ ካሜራውን ለእኔ ሰጥታኛለች። ጥር ሲመጣ ከሜዳው መሃል እቆማለሁ። ዓይኔ አለ፣ ወገቤም አለ። መጀመሪያ ጭስ እንደማወጣ አውቃለሁ። የማለቅስበት ግን እሱ አይደለም። ፎቶውን ሳወጣ ወደ ማን ባንኮኒ ልሂድ? ማን ነው ሳይራራልኝ የሚነግረኝ? ስለዚህ አደራዬ ይኸ ነው፤ ለእናንተም ከባድ አደራ ነው። ላልወጣ ፎቶ ወጥቷል እንዳትሉኝ። ባሮጊቷ አንጨክንባት ብላችሁ እንዳታታልሉኝ። አልወጣም በሉኝ። ያን ጊዜ ብቻ ነው የምሻሻለው።

ባንተአምላክ ወንድሜ፣ ስንሰናበትህ እንኳ ደስ ታሰኛለህ። ብዙ ሰው የሚሄደው የሚወደው ሰው በሐዘኔታ ዋሽቶለት ነው። አንተ ግን እውነቱን ሰምተህ፣ እውነቱም ጥሩ ሆኖልህ ሄድህ። ይኸን ያህል እውነት የሰጠሁት ሌላ ሰው የለኝም፤ የተቀበለኝም የለም።

በል ደህና ሁን። ሰዉ ሲበተን ፎቶ ቤቱን እኔ ራሴ እከፍተዋለሁ።